የዕርዳታ ገንዘብ ፍለጋና የቅሬያችን መዝገብ

(በቅሬያችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ባለፈው ዓመት ከመካከላችን ለተለዩት፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም፣ ፈጣሪ ማረፊያቸውን ያሳምርላቸው። ለቀረነው ጤና ይስጠን።

ከዳኛችን የታዘዝነው አጭር ነገር እንድንናገር ነው። እኛ ግን ጉዳዩን ስንመረምረው አጭር ሆኖ አላገኘነውም፤ ስለዚህ ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ጉዳዩ እንደምታውቁት የቦኖው ነገር ነው፤ ከቦኖውም ጋራ ተያይዞ «ከለጋሽ ድርጅት ገንዘብ የሚገኘው በምን መንገድ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ቦኖው ከደረቀ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከዋናው መስመር ወደ ሰፈራችን የሚመጣው የብረት ቧንቧ በዝገት ተበላልቶ አልቋል። የሚያሳዝነው አገራችን ውሃ የሌላት አገር አለመሆንዋ ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ እየተቆፈረ፣ ድሮ ማሽላ ብቻ የምናውቀው መሬት ሽንኩርትና ቲማቲም ሲያበቅል ሁላችንም አይተናል። ከእግራችን በታች ውሃ እያለ እናቶቻችን ጀሪካን ተሸክመው ሌላ ሰፈር ወረፋ ይጠብቃሉ። ባለፈው ሚያዝያ በአንድ አባላችን ቤት ለቅሶ ሆኖ ድንኳን ተተክሎ ሳለ፣ ለቀስተኛው እጁን የሚታጠብበት ጠፍቶ ከጋሪ በጀሪካን ገዛን። በዚያ ለቅሶ ከሣጥኑ ለውሃ የወጣው ገንዘብ ለቡና ከወጣው በለጠ። ተረት አይደለም፤ በወጪ መዝገቡ ላይ አለ።

በዚህ ምክንያት ባለፈው ስብሰባ ሦስት ዓይነት ሐሳብ ተነሣ። አንዱ ወገን ከቅሬው ሣጥን አውጥተን እንሥራው አለ። ሌላው ኤንጂኦ ይሥራልን አለ። ሦስተኛው ወገን ዝም አለ፤ እርሱ ደግሞ የሚበዛው ነው። እኛም መርምራችሁ ንገሩን ስለ ተባልን ያገኘነውን እንነግራችኋለን።

በመጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እናስቀድም። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሞክረን ሁለት ጊዜም ወድቀናል።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍነው እኛው ነን። በመዝገብ ቤት ሥራ ብዙ ዘመን ስላሳለፍን ደብዳቤ መጻፍ የምናውቅ መስሎን ነበር። «ሕዝቡ በከፍተኛ ችግር ላይ ስለሚገኝ አስፈላጊው ሁሉ ዕርዳታ እንዲደረግልን በትሕትና እንጠይቃለን» ብለን ጻፍን፤ በግርጌው ለሰባት መሥሪያ ቤት ግልባጭ አደረግን። ኋላ ቅጂውን ከፋይል አውጥተን ስናነበው አፈርን። ቦኖው የት እንዳለ አልተጻፈም። ስንት ቤተ ሰብ እንደሚቀዳበት አልተጻፈም። ስንት ብር እንደሚያስፈልግ፣ እኛ ምን እንደምናዋጣ፣ ማን ተረክቦ እንደሚጠብቀው አንድም ቃል የለበትም። ሰባት ግልባጭ ያለው ደብዳቤ ደግሞ የማንም ደብዳቤ አይደለም፤ ሰባቱም ሌላው ይመልሰዋል ብለው ይተዉታል። እኛም በሥራ ላይ ሳለን እንዲህ ያለውን ስንቱን ፋይል ውስጥ እንዳስተኛን እናውቃለን።

ሁለተኛው የባሰ ነው። አንድ ሰው መጥቶ «ፕሮፖዛል እጽፍላችኋለሁ፤ ኤምባሲ ውስጥም ሰው አለኝ» አለን። አሥራ ሁለት ሺህ ብር ጠየቀ። አምነን ከአባሎች አዋጥተን ሰጠነው። ከወር በኋላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በፕላስቲክ የተጠረዘ፣ ባለ ቀለም ሥዕል ያለበት መጽሐፍ የመሰለ ነገር አመጣልን። እጅግ ደስ ብሎን ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሚማር የአንድ አባላችን ልጅ ለዕረፍት መጥቶ ሲያነብልን፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመና «ጋሼ፣ የቅሬያችን ዓሣ አጥማጆች ስንት ናቸው?» ብሎ ጠየቀን። ሰውየው ከሌላ አገር የተጻፈ ወረቀት ላይ ስሙን ብቻ ለውጦ ነው የሰጠን። በቆቦ ሜዳ ላይ ዓሣ አጥማጆች አደረገን! ስልኩን ብንደውል አይነሣም። ያን ቀን ሳቅን፤ ገንዘቡ ግን የድኻ ገንዘብ ነበር። እንግዲህ ይኸን አንድ ነገር ያዙ፦ እውነተኛ ለጋሽ ማመልከቻ ለመቀበል ገንዘብ አይጠይቅም። ለማስታወቂያውም፣ ለፎርሙም፣ ለማስገባቱም አንድ ሳንቲም አያስከፍልም።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩን ከሥሩ መጠየቅ የጀመርነው።

የእኛ አገር ሰው «ዕርዳታ» ሲባል በዓይኑ የሚመጣበት ስንዴና ዘይት ነው። ምክንያት አለው። በ1966 ዓ. ም. የወሎ ድርቅ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያነሣው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን በእንግሊዝ አገር ታየ፤ ከዚያ በኋላ ነው ዓለም የሰማው። በ1977 ዓ. ም. ደግሞ ከእኛ ወደ ሰሜን በአላማጣ አልፎ ተራራውን ወጥቶ ካለው ከኮረም፣ ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ሰው ሞሐመድ አሚን ያነሡት ሥዕል ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ ቀረበ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 6 ቀን በሎንዶንና በፊላዴልፊያ ዘፋኞች ተሰብስበው ዘፍነው ብዙ ገንዘብ ሰበሰቡ። እኛ የዚያ ዘመን ልጆች ነን። ስለዚህ ዕርዳታ ማለት ችግር ሲከፋ ከሰማይ እንደ ዝናም የሚወርድ፣ በስም ዝርዝር የሚታደል ነገር ሆኖ በልባችን ቀረ። በኋላም ከ1997 ዓ. ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት ሲመጣ ያው ዝርዝር ነው፤ ስሙ የገባ ይሠራል፣ ይቀበላል።

ነገር ግን ዕርዳታ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የነፍስ ማዳኛ ነው፤ እርሱን የሚጠራው ችግሩ ራሱ ነው። ሁለተኛው ለአንድ ለታወቀ ሥራ የሚሰጥ፣ የማይመለስ የልማት ገንዘብ ነው። ይኸኛውን ችግር አይጠራውም፤ የሚጠራው ማመልከቻ ነው። የእኛ የመጀመሪያው ደብዳቤ ሁለተኛውን ገንዘብ በመጀመሪያው ቋንቋ ጠየቀ። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነበር።

ደግሞ ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ማወቅ ይጠቅማል። ካርልሃይንትዝ ቡም የሚባል ኦስትሪያዊ የፊልም ተዋናይ ነበር። በ1973 ዓ. ም. በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ከተመልካቹ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ለተራቡ ሰዎች አንድ ማርክ አይሰጥም ብሎ ተወራረደ። ውርርዱን ረታ፤ እንደ ተናገረው ከሦስቱ አንዱ አልሰጠም። ሆኖም ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተዋጣ፤ እርሱም ገንዘቡን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው ድርጅት የተነሣው በዚህ ነው። በእኛ በወሎም በቦረና በኩል ሠርቷል። እንግዲህ ያ ገንዘብ የባለጸጋ ገንዘብ አልነበረም፤ አንድ አንድ ማርክ የተዋጣ ነው። ፈረንጁም በራሱ አገር እንደ እኛ የወር መዋጮ የሚከፍል የቅሬ አባል ነው ማለት ይቻላል። እኛ ለቅሬ የከፈልነው የት ገባ ብለን በየዓመቱ ገንዘብ ያዡን እንደምናፋጥጠው፣ እርሱም ይጠይቃል። ለጋሹ ደረሰኝ የሚለን፣ ሪፖርት የሚለን ሊያስጨንቀን ሳይሆን ከበስተጀርባው የሚጠይቀው ሰው ስላለ ነው።

የሚሰጠው እጅም ሊታጠፍ ይችላል። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ. ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለውጭ አገር የሚሰጠው የልማት ዕርዳታ ለዘጠና ቀን ይቁም ብለው አዘዙ፤ በሰኔ 24 ቀን ዩኤስኤአይዲ የሚባለው የተራድኦ ድርጅታቸው ተዘጋ። በአገራችን ስንት ድርጅት ሥራውን አቆመ፤ ስንት ሠራተኛ ተሰናበተ። ከዚያ ወዲህ አመልካቹ በዝቶ ገንዘቡ ያነሰበት ጊዜ ሆኗል። ይኸን የምንናገረው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ማመልከቻ ብናስገባና እንቢ ብንባል፣ ጠላት አለብን እንዳትሉን ብለን ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ነገር አለ፤ እኛም አናውቅም ነበር።

በ2001 ዓ. ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ቁጥር 621 በአንዳንድ ሥራ ላይ የሚሰማራውን የአገር ውስጥ ማኅበር ከውጭ አገር ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ እንዳይቀበል የሚያስር ነበር። በ2011 ዓ. ም. ግን በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሻረ፤ ያ የ10 በመቶ ገመድ ተፈታ። በዚህ አዲስ አዋጅ እንደ እድርና እቁብ ያሉት ባህላዊ ማኅበሮች አይገዙም። ለእኛ ቅሬ ማለት እድር ነውና እኛም ከዚያ ውጭ ነን። ይኸ በአንድ በኩል ነፃነት ነው፤ ማንም ቅሬያችሁን አስመዝግቡ ብሎ አያስጨንቀንም። በሌላ በኩል ግን ለጋሽ ውል የሚዋዋለው የምዝገባ ወረቀት ካለው ጋራ ነው። ቅሬው በዳኛውና በጥሩንባው ሰው ይታወቃል እንጂ ወረቀት የለውም።

ስለዚህ ሁለት መንገድ አለን። አንደኛው ከቅሬው ጎን የልማት ማኅበር ማቋቋም ነው። በፌዴራሉ አዋጅ ማኅበር ማለት አምስትና ከዚያ በላይ አባላት ያሉት፣ በጠቅላላ ጉባኤ የሚመራ ነው። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ የሚመዘገበው ግን በክልሉ በኩል ስለሆነ፣ መንገዱ ወደ ባሕር ዳር እንጂ ወደ አዲስ አበባ አይደለም። በአዲስ አበባ እድሮች ተሰባስበው እንዲህ ያደረጉ አሉ። በ1994 ዓ. ም. አኮርድ የተባለው ድርጅት ስለ እድሮችና ስለ ልማት በዚያው ጉባኤ አዘጋጅቶ፣ እድር ከቀብር አልፎ ምን ሊሠራ ይችላል የሚለው ተመክሮበታል። ሁለተኛው መንገድ ቀድሞውኑ ከተመዘገበ ጋራ መተባበር ነው። ለምሳሌ አመልድ አለ፣ አልማ አለ፣ የከተማው ውሃ አገልግሎትም አለ። ማመልከቻው በእነርሱ ስም ይገባል፤ እኛ ደግሞ የሥራው ባለቤትና አዋጪ ሆነን በውሉ እንጻፋለን። የእኛ ሐሳብ ለቦኖው ሁለተኛውን እንያዝ ነው። ማኅበር ማቋቋም በየዓመቱ ሪፖርትና ኦዲት ያመጣል፤ ለአንድ ቦኖ ያን ሁሉ ቀንበር መሸከም ትርፍ ነው። ወጣቶቻችን ኋላ ቢያስቡበት ግን አንቃወምም።

ከምርመራችን ሁሉ ደስ ያለን የጎጃሙ ነገር ነው። በ1995 እና በ1996 ዓ. ም. ገደማ በክልላችን የፊንላንድ መንግሥት በሚረዳው የገጠር ውሃ ፕሮግራም ውስጥ የኅብረተሰብ ልማት ፈንድ የሚባል አሠራር ተጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጉድጓድ የሚፈልገው የመንደሩ ሰው ራሱ የውሃ ኮሚቴ መርጦ፣ ሴቶችም ገብተውበት፣ ለወረዳው ያመለክታል። ማመልከቻው ሲጸድቅ ገንዘቡ ወደ ሥራ ተቋራጭ አይሄድም፤ በአብቁተ፣ በዛሬው ፀደይ ባንክ፣ ቅርንጫፍ በኩል ለመንደሩ ኮሚቴ ይለቀቃል። ኮሚቴው ሲሚንቶ ይገዛል፤ ግንበኛ ይቀጥራል፤ ደረሰኝ ይሰበስባል። ገንዘቡም በአንድ ጊዜ አይለቀቅም፤ የመጀመሪያው ሳይወራረድ ሁለተኛው አይመጣም። ሕዝቡ ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፣ ጉልበት ይሰጣል። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ለወደፊት ጥገና የሚሆን ገንዘብ ሥራው ሳይጀመር አስቀድሞ ተዋጥቶ በቁጠባ ይቀመጣል።

ይኸንን ስንሰማ ትንሽ ዝም አልን። ምክንያቱም የእኛ ቦኖ የወደቀው ገንዘብ ስላልነበረ አይደለም። ሲሠራ በነበረበት ዘመን በጀሪካን ሳንቲም ይሰበሰብ ነበር፤ ሳንቲሙን ማን እንደ ያዘው፣ ለምን እንደ ዋለ የሚያሳይ አንድ ብጣሽ ወረቀት አላገኘንም። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ሁላችንም ነበርን። ቧንቧው ሲዝግ የዛሬ አምስት ዓመት በሁለት ሺህ ብር ይጠገን ነበር።

ከዚያ በፊትም በ1988 ዓ. ም. ገደማ በዓለም ባንክ ገንዘብ የተጀመረው የማኅበራዊ ተሐድሶና ልማት ፈንድ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሲሠራ፣ ሕዝቡ ቢያንስ ከወጪው 10 በመቶውን በገንዘብ ወይም በጉልበት እንዲችል ይጠይቅ ነበር። እንግዲህ በየትም ብትሄዱ የመጀመሪያው ጥያቄ «እናንተስ ምን አላችሁ?» ነው።

ሌሎችም ትንንሽ በሮች አሉ። ጥቂቶቹን ብቻ እናነሣለን። የጃፓን ኤምባሲ ለአካባቢ ማኅበሮች የሚሰጠው አነስተኛ ድጋፍ አለ፤ ለግንባታና ለዕቃ ይሰጣል እንጂ ለደመወዝና ለዕለት ሥራ ማስኬጃ አይሰጥም። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የሚሰጠው አነስተኛ ድጋፍ ደግሞ ለአፈር፣ ለደን፣ ለአካባቢ ጥበቃ ነው። ይኸኛው ለቦኖ አይሆንም። ነገር ግን የመቃብር ቦታችንን ጎርፉ በምሥራቅ በኩል እየቦረቦረ መሆኑን የምታዩት ነው፤ ለእርሱ ሊሆን ይችላል። አንድ ወንድማችን «ታዲያ ቦኖውን ችግኝ ማጠጫ ነው ብለን እንጻፋ!» ብሎ ነበር። ብልሃት መስሎት ነው። ያን ብንጽፍ ለጋሹ መጥቶ ችግኙን ሊያይ ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ የት እንገባለን? ለጋሽ የሚሰጠው ለራሱ ዓላማ ነው፤ የእኛ ፍላጎትና የእርሱ ዓላማ የሚገናኙበትን በር መፈለግ እንጂ በሩን መቀባት አይበጅም።

ስለ ወረቀቱም ጥቂት እንበል። ለጋሾች ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ሠንጠረዥ ይወዳሉ። ይኸ ሠንጠረዥ በ1969 እ. ኤ. አ. ለዚያው አሁን ለተዘጋው ለአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ ድርጅቱ ቢዘጋም ሠንጠረዡ አልሞተም። ስሙ ያስፈራል፤ ነገሩ ግን የገበሬ ነገር ነው። ምን እንሠራለን? ከሥራው ምን ይወጣል? ከዚያስ በሰው ኑሮ ላይ ምን ይለወጣል? መለወጡ በምን ይታወቃል? መጨረሻው ዓምድ ላይ ደግሞ «ይኸ ሁሉ የሚሆነው ምን ቢሟላ ነው?» ይላል። እኛን የጣለን ይኸ መጨረሻው ነው። ቧንቧ እንዘረጋለን፣ ቦኖ ይቆማል፣ እናቶች ሰዓት ያተርፋሉ ብለን ጽፈን፣ መጨረሻው ዓምድ ላይ ስንደርስ «ዋናው መስመር ውሃ ቢኖረው» ሆነ። ዋናው መስመር ወደኛ በኩል ውሃ ሊለቅ መቻሉን ማን ጠየቀ? ማንም። ባዶ ቧንቧ ልንዘረጋ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ተመላልሰን በሳምንት ሦስት ቀን ውሃ ለመስጠት እንደሚቻል የሚገልጽ ደብዳቤ አሁን ከውሃ አገልግሎቱ ተቀብለናል፤ ከፋይሉ ጋራ ተያይዟል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በሦስት ፕሮፎርማ አወዳድረን፣ የቧንቧው፣ የቦኖው ግንባታና የቆጣሪው ዋጋ ከነጉልበቱ 310,000 ብር ደርሷል። ከዚህ ውስጥ ቦዩን የምንቆፍረው እኛ ነን፤ አንድ መቶ የሰው ቀን በ300 ብር ሲታሰብ 30,000 ብር ነው። ደቦ ዋጋ የለውም አትበሉ፤ በማመልከቻ ላይ እንደ ገንዘብ ይጻፋል፤ የወጣው ሰው ግን በስሙና በፊርማው መመዝገብ አለበት። ሳውዲ ያሉት ልጆቻችን 9,000 ብር ልከዋል። ከሰው ቤት ሠርተው፣ ስንቱን ባሕርና በረሃ አልፈው ያገኙትን ነው፤ ለእያንዳንዳቸው ደረሰኝ ቆርጠን በስልክ ሥዕሉን ልከንላቸዋል። አንዷ ልጅ «በሕይወቴ በስሜ የተቆረጠ ደረሰኝ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» ብላ መልሳ ላከችልን። የቀረው 36,000 ብር ከእኛ ነው፤ መቶ ሰማንያ አባል በወር ሃያ ሃያ ብር ለአሥር ወር። እንግዲህ የእኛ ድርሻ በጠቅላላው 75,000 ብር፣ ማለት ሩቡ ያህል ሲሆን፣ ለጋሹን የምንጠይቀው 235,000 ብር ነው።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚፈራው ነገር ደረስን፤ ወደ ሣጥኑ።

በሣጥኑ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ገንዘብ አለ። አንዳንዶቻችሁ «ሃያ ሃያ ብር ለምን እንለቅማለን፤ ከሣጥኑ አውጥተን የእኛን ድርሻ እንክፈል፣ ኋላ ይተካል» ብላችኋል። የምትሉት ስለ ከበዳችሁ መሆኑን እናውቃለን። ማሽላው በአንበጣ በተበላበት በ2013 ዓ. ም. ጥቅምት፣ ከዚያም በጦርነቱ ጊዜ ሃያ ብር ስንት እንደ ሆነች አይተናል። ቢሆንም በዚህ ነገር አንስማማም። ሣጥኑ የቀብር ነው። ለጋሹ እሺ ቢልም ገንዘቡ እስኪለቀቅ ዓመት ሊያልፍ ይችላል፤ ሞት ግን ቀጠሮ አይሰጥም። በመካከሉ ሦስት ለቅሶ ቢከታተል ለማን ድንኳን እንከለክላለን? ስለዚህ የቦኖው ገንዘብ ሌላ መዝገብ፣ ሌላ የባንክ ሒሳብ፣ ሌላ ሦስት ፈራሚ ይኑረው፤ ከፈራሚዎቹ አንዷ ውሃ የምትቀዳ እናት ትሁን። መክፈል ያቃተው አባል በቁፋሮ ይክፈል። ይኸ ካልተወደደ ደግሞ ቦኖው ይቅር እንጂ ሣጥኑ አይነካ፤ ሐሳባችን ይኸ ነው። የምትቃወሙን ካላችሁ ዛሬ በግልጽ ተናገሩ፤ ነገ በቡና ላይ አይሁን።

አንድ ከባድ ነገር ቀርቶናል። ለጋሽም ሆነ ተባባሪ ድርጅት ያለፉትን ዓመታት ሒሳብ አሳዩን ይላል። የእኛ ሒሳብ ምን እንዳገኘው ታውቃላችሁ። በ2013 ዓ. ም. ሐምሌ ሰው ከከተማ ሲሸሽ መዝገቡ በቤት ቀረ። በ2014 ዓ. ም. ታኅሣሥ ስንመለስ ድንኳኑ የለም፣ ድስቱ የለም፣ ቃሬዛው እንኳ የለም፤ ትልቁ መዝገብ ግማሹ ተቀዷል። መዝገብ ቤት የኖረ ሰው የተቀደደ መዝገብ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለመናገር ይቸግረናል። በኋላ አንዲት እናታችን ጠርታ ወደ ጓሮዋ ወሰደችን። የደረሰኙን ጥራዞች፣ ያንን የካርቦኑን ቅጂ፣ በፕላስቲክ ጠቅልላ በማሽላ ጉድጓድዋ ውስጥ ቀብራቸው ነበር። «ማሽላውን ቢወስዱት ወረቀቱን አይፈልጉትም ብዬ» አለች። ፊደል የቆጠረች አይደለችም። ዛሬ ከማንም ፊት ሒሳብ ይዘን የምንቆመው በእርሷ ነው።

ሆኖም ሁሉም አልተገኘም። የአራት ወር ደረሰኝ ጎድሏል። አንዳንድ ሰው በቅን ልቡ «አዲስ ጥራዝ ገዝታችሁ ሙሉት፤ ማን ያውቃል?» ብሎ መከረን። ፈተናው ቀላል አልነበረም፤ ለሁለት ሌሊት እንቅልፍ አሳጥቶናል፤ ምክንያቱም አራት ወር የጎደለው ሒሳብ ማመልከቻውን ሊያስጥል ይችላል። የሒሳብ ሙያ ያለው የአንድ አባላችን ልጅ ግን ፋይሉን አይቶ፣ የጠፋውን ጠፋ ብላችሁ በቃለ ጉባኤ ጻፉ፤ አንድ የተፈጠረ ደረሰኝ ከተገኘ ጉድጓድ ውስጥ የተረፉት እውነተኞቹም አይታመኑም አለን። እንዲያው አድርገናል። ቃለ ጉባኤው ተጽፏል፤ የጎደሉት ወሮች በስማቸው ተጠቅሰዋል፤ ከረቂቁ ጋራ እንዲያያዝ ዛሬ በእጃችሁ እንድታጸድቁት እንጠይቃለን። በዚህ ምክንያት ማመልከቻችን ቢወድቅ ጥፋቱን እኛ እንወስዳለን።

ረቂቁ በአማርኛ በስምንት ገጽ ተጽፎ በገንዘብ ያዣችን ቤት ተቀምጧል። ዓሣ አጥማጅ የለበትም። ማንበብ የሚችል ሄዶ ያንብበው፤ ለማይችለው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በዳኛችን አጥር ግቢ ከዛፉ ሥር ከፍ ባለ ድምፅ እናነባለን። ቡናውን የዚያ ሰፈር እናቶች ችለውታል። ውሃውን ግን የምትችሉ ይዛችሁ ኑ።